ባሕር ዳር ላይ ሐይቁ ለምን አይታይም? የጣና ዳር ኑሮ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ

ባሕር ዳር የሐይቅ ከተማ ናት። ጎጃምን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ያውቃል። መሀል ከተማ ላይ በእግሩ የሚሄድ እንግዳ ግን ግራ ይጋባል። ሐይቁ ቅርብ እንደሆነ ነፋሱ ይነግረዋል፤ ዓይኑ የሚያገኘው ግን አጥር ነው። እዚህ የሆቴል ግቢ፣ እዚያ የመሥሪያ ቤት በር፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር። ውኃው ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ነው።

የኮሪደር ልማት ነገር ከመጣ ወዲህ ስለ ዳርቻው የሚወራው በዝቷል። አንዱ አጥሩ ይፍረስ ይላል። ሌላው ቤቱ ከውኃው ስንት ሜትር መራቅ እንዳለበት ይጠይቃል። "በፈር ዞን"፣ "ባሕር ሸሽ"፣ "ጨረጨራ" የሚሉ ቃላት በየሻይ ቤቱ ይነሣሉ። ቃላቱን ግን ሁሉም በራሱ መንገድ ነው የሚረዳቸው። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር፤ ሰው ጣና ዳር እንዴት ሰፈረ? ዳርቻውስ በማን እጅ ገባ? የውኃው ድንበር ራሱ የት ነው?

ከከተማው በፊት እዚህ ማን ይኖር ነበር?

ጣና ዳር መኖር በከተማ አልተጀመረም። ከባሕር ዳር ብዙ ሳይርቅ የዘጌ ልሳነ ምድር አለ። ሦስት ጎኑ ውኃ ነው። እነ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም የሚገኙት እዚያ ነው። የዘጌ ሰው በሬ ጠምዶ አያርስም፣ ከብትም አያረባም። ይህ ከገዳሙ ጋር የመጣ ሥርዓት ነው። ኑሮው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ላይ የቆመ ነው። ቡናው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር እንደበቀለ በአካባቢው ይነገራል።

የዚህ ሥርዓት ውጤት ዛሬም በዓይን ይታያል። በጣና ዙሪያ ያለው መሬት በአብዛኛው ታርሶ ተራቁቷል። ዘጌ ግን አሁንም ጫካ ነው። ቤቶቹ ከዛፍ ሥር ናቸው፤ ከሐይቁ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ብዙዎቹ አይታዩም። ሐይቅ ዳር ያለ የመኖሪያ መንደር ዳርቻውን ሳያራቁት ለዘመናት መኖር እንደሚችል ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። በእርግጥ ዘጌም ያለ ችግር አልኖረም። ቡናው በቂ ገቢ ባላመጣ ጊዜ ዛፍ ይቆረጣል፣ ማገዶ ሆኖ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይሄዳል።

ሌሎቹ የጥንት የዳርቻ ነዋሪዎች ወይጦዎች ናቸው። ኑሯቸው ከውኃው ጋር የተጣበቀ ነው። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ውኃ ዳር የሚበቅለውን ደንገል ያጭዳሉ፣ ከደንገሉ ታንኳና ሰፌድ ይሠራሉ። ድሮ ጉማሬም ያድኑ ነበር። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ የሚያገለግለው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ስለዚህ ታንኳ የሚሠራ ሰው ከደንገሉ አጠገብ መኖር አለበት። ለወይጦ ቤተሰብ ዳርቻው የሥራ ቦታ ነው። ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ ከተማው ባደገ ቁጥር መጀመሪያ ወደ ኋላ የተገፉት እነሱ ናቸውና።

ዛሬ መሀል ከተማ የምንለው ቦታ ላይ ደግሞ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበ አነስተኛ መንደር ነበር። በቅጥሩ ውስጥ እስከ ዛሬ የቆመ አሮጌ ባለ ፎቅ የድንጋይ ግንብ አለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው ኢየሱሳዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እንዳሠራው ይነገራል። ካህናት፣ ነጋዴዎች፣ ሸማኔዎችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን ጎጃም ውስጥ ከተማ ሲባል ደብረ ማርቆስ ነው።

መንደሩን ከተማ ያደረገው ምንድን ነው?

ባሕር ዳር የተሠራችው በተራ በመጡ አራት ኃይሎች ነው።

የመጀመሪያው ጣሊያን ነው። በ1928 ዓ.ም የገባው ጦር ቦታውን ወታደራዊና አስተዳደራዊ ማዕከል አደረገው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጎንደርና ጎጃም የሚገናኙት እዚህ ነው። በየብስ የአባይን መውጫ መሻገር ይቻላል፣ በውኃ ደግሞ በጀልባ በሰሜኑ ዳርቻ እስካለችው ጎርጎራ መድረስ ይቻላል። የሞተር ጀልባ ማረፊያና የአውሮፕላን መንደርደሪያ ተሠሩ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም ሲወጣ መንደሩ ተመልሶ መንደር አልሆነም።

ሁለተኛው ፋብሪካ ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። ገንዘቡ የመጣው ጣሊያን ከከፈለችው የጦር ካሣ ነው። በ1956 ዓ.ም ደግሞ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጢስ አባይ ላይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠራ። መብራትና ሥራ ያለበት ቦታ ሰው ይስባል። ከየአውራጃው የመጣው ወጣት ፋብሪካ ገባ፣ ቤት ተከራየ፣ ዘመድ ጠራ።

ሦስተኛው ፕላን ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋን ይወዷት ነበር። ዋና ከተማውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው እንደነበር በሰፊው ይነገራል። ከከተማው ወጣ ብሎ አባይን ቁልቁል የሚያየው የቤዛዊት ቤተ መንግሥትም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በ1950ዎቹ ማክስ ጉተር የተባለ ጀርመናዊ ባለሙያ የከተማዋን ማስተር ፕላን አዘጋጀ። ማስተር ፕላን ማለት መንገዱ፣ መኖሪያው፣ ፋብሪካው፣ ገበያው የት እንደሚሆን አስቀድሞ የሚወስን ካርታ ነው። ዛሬ እንግዳ የሚያደንቃቸው ሰፋፊ፣ ቀጥ ያሉና ዘንባባ የተሰለፈባቸው መንገዶች መነሻቸው ያ ዘመን ነው። ሶቪየት ኅብረት የረዳችው ፖሊ ቴክኒክም በ1955 ዓ.ም ተከፈተ። በ1992 ዓ.ም ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነው እሱ ነው።

አራተኛው አስተዳደር ነው። ባሕር ዳር ለረጅም ጊዜ በጎጃም ውስጥ ያለች የአውራጃ ከተማ ነበረች። ከደርግ ውድቀት በኋላ የአማራ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። ቢሮዎች መጡ፣ ሠራተኛው መጣ፣ ሠራተኛውን ተከትሎ ንግዱ መጣ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ 96 ሺህ ገደማ የነበረው ነዋሪ በ1999ኙ ቆጠራ ከ150 ሺህ አልፏል። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም፤ ዕድገቱ እንዳልቆመ ግን አባይ ማዶን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። በ2016 ዓ.ም ግንቦት የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይ የተሠራው በአሮጌው ጠባብ ድልድይ ላይ የነበረው መጨናነቅ ከልክ ስላለፈ ነው።

ታዲያ ዳርቻው እንዴት ታጠረ?

የነገሩ ቁልፍ ቀላል ነው። ከተማ በስፋት ያድጋል። ወደ መሸንቲ፣ ወደ ዘንዘልማ፣ ወደ አየር ማረፊያው መለጠጥ ይችላል። ዳርቻ ግን መስመር ነው። ከተማው እጥፍ ሲሆን በከተማው ውስጥ ያለው የውኃ ዳር እጥፍ አይሆንም። ስለዚህ ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል፣ በኋላ የመጣው ከኋላ ይሰፍራል።

ቀድመው የደረሱት እነማን ናቸው? ቤተ ክርስቲያን፣ የጀልባ ወደቡ፣ የመንግሥት ተቋማት፣ አንጋፋዎቹ ሆቴሎች፣ አቅም የነበራቸው ሰዎች። ከዚያ በ1967 ዓ.ም ሐምሌ ላይ አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አዋጁ የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አደረገ፣ ትርፍ ቤትንም ወረሰ። ውኃ ዳር የነበሩ የግል ቤቶች የቀበሌ ወይም የመንግሥት ኪራይ ሆኑ፣ ወይም ለመሥሪያ ቤት ተሰጡ። ባለቤቱ ተቀየረ፤ አጥሩ ግን አልተነሣም።

በ1986 ዓ.ም የሊዝ ሥርዓት መጣ። ሊዝ ማለት መሬቱ የመንግሥት ሆኖ ሳለ ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብትን በክፍያ መውሰድ ነው። ቦታ ዋጋ ሲያወጣ ውኃ ዳር ያለው የበለጠ ያወጣል። ያን ዋጋ የሚከፍልና ለከተማው ገቢና ሥራ አመጣለሁ የሚል ደግሞ ሆቴልና ሎጅ ነው። ለሆቴል ሐይቁ ዕቃው ነው። የሚሸጠው እይታውን ነውና ያጥረዋል። በክፋት የሆነ ነገር አይደለም፤ ሥርዓቱ ራሱ የሚገፋው ወደዚያ ነው።

ነዋሪውስ? ደሞዝተኛው በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ ከውኃው ርቆ ቦታ ወሰደ። ያልቻለው ተከራየ፤ ጥቂቱም ጨረቃ ቤት ሠራ። እንደ ሽምብጥ ባሉ ሰፈሮች አሁንም ከሐይቁ ጋር ጎረቤት የሆኑ ነዋሪዎች አሉ። በጠቅላላው ሲታይ ግን የባሕር ዳር ሰው ሐይቁን የሚያገኘው እንደ ደንበኛ ነው፤ አዝዞ፣ ከፍሎ፣ ወንበር ይዞ። ይህ ያሳዝነኛል። የጣና ልጅ ሆኖ ጣናን ለማየት ኪስ መዳበስ ልክ አይመስለኝም።

የሐይቁ ዳርቻ በትክክል የት ነው?

ብዙ ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ዳርቻውን እንደ መንገድ ጠርዝ ቋሚ መስመር አድርጎ ያስበዋል። አይደለም። የጣና ዳርቻ ይንቀሳቀሳል።

ጣናን እንደ ሰፊ ትሪ አስቡት። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን በጣም በጠለቀበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ከትሪ ላይ ትንሽ ውኃ ቢቀነስ ጠርዙ ላይ ሰፊ ቦታ ይደርቃል፤ ትንሽ ቢጨመር ጠርዙን ያለብሰዋል። በቁጥር እንየው። መሬቱ በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ ውኃው አንድ ሜትር ሲወርድ ዳርቻው 100 ሜትር ይሸሻል። ዳገታማ በሆነ ዳርቻ ላይ ግን ያው አንድ ሜትር ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው የሚሆነው።

ውኃው በየዓመቱ ይወጣል ይወርዳል። ዋነኞቹ ገባሮች ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ናቸው። ክረምት ላይ ሞልተው ይመጣሉ። ሐይቁ መስከረም አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በአባይ እየወጣ፣ በፀሐይ እየተነነ ይቀንሳል። ትነቱ ብቻ በዓመት ከ1.5 ሜትር ይበልጣል። ሰኔ ሲደርስ ሐይቁ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ነው። በተለመደው ዓመት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1.5 ሜትር ገደማ ነው።

ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት "ባሕር ሸሽ" ይባላል። ገበሬው ይዘራበታል፣ ከብት ይግጥበታል። ለም ነው፤ ክረምት የተወው ደለል አለበት። ችግሩ የሚመጣው የወራት መሬት የዓመት መሬት ተደርጎ ሲያዝ ነው። መጀመሪያ ጎመን ይተከላል፣ ቀጥሎ ጫት፣ ቀጥሎ አጥር ይመጣል። አጥሩ ከቆመ በኋላ ሐይቁ ሲመለስ "ውኃ ወረረኝ" ይባላል። ውኃው ግን ወደ ቦታው ነው የተመለሰው።

ጨረጨራ ምንድን ነው? ለዳርቻው ነዋሪስ ምን አገባው?

ብዙ የዳርቻ ነዋሪ የማያስተውለው ነገር ይህ ነው። ጣና የተፈጥሮ ሐይቅ ነው፤ ውኃው የሚወጣበት በር ግን ከ1988 ዓ.ም ጀምሮ በሰው እጅ ነው።

አባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ፣ እዚያው ባሕር ዳር፣ ጨረጨራ የሚባል ዝቅ ያለ ግድብ አለ። ሲሠራ ሁለት መዝጊያ ነበረው። በ1993 ዓ.ም አምስት ተጨምረውለት ሰባት ሆኑ። ዓላማው የክረምቱን ውኃ ይዞ በበጋም ለጢስ አባይ ማመንጫዎች በመጠን መልቀቅ ነው። የሐይቁ ደረጃ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል እንዲሆን ታስቦ ነው የሚሠራበት። ይህ የሦስት ሜትር ክልል ነው። ከላይ ያየነውን የ100 ሜትር ስሌት እዚህ ላይ መልሰን ብናስገባው፣ ዝቅ ባለ ዳርቻ ላይ የሦስት ሜትር ልዩነት 300 ሜትር ይሆናል።

በ2002 ዓ.ም ግንቦት ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ውኃ ተወስዶ፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ተጉዞ ወደ በለስ ይወርዳል። ማመንጫው 460 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ስለዚህ ሐይቁ አሁን ሁለት መውጫ አለው፤ በአባይና በዋሻው። ሁለቱንም የሚቆጣጠር ሰው አለ።

ይህ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1995 ዓ.ም የሆነውን እንይ። ዝናቡ አነሰ፣ ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውኃ ግን ቀጠለ። በዚያ ሰኔ ሐይቁ በታሪኩ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ወረደ። ጀልባዎች ቆሙ፤ ወደ ጎርጎራና ወደ ደሴቶቹ መሄድ ችግር ሆነ። ሰፊ የሐይቅ ወለል ተገለጠ፣ ወዲያው ታረሰ። ደንገልም ጠፋ። ውኃው ሲመለስ የተመለሰው ደንገል እንደ ቀድሞው አልነበረም። ጣና ዳር ቤት የሠራ ሰው የሚኖረው በተፈጥሮ ዳርቻ ላይ ብቻ ሳይሆን በማጠራቀሚያ ግድብ ዳርቻም ላይ ነው። የግቢው ጫፍ የት እንደሚሆን ዝናቡም መዝጊያውም አብረው ይወስናሉ።

በፈር ዞን ሲባል ምን ማለት ነው?

በፈር ዞን በውኃውና በሰው ሥራ መካከል ያለ የጥበቃ ክልል ነው። ግንባታ አይደረግበትም፣ አይታረስም። ሣርና ደንገል፣ ዛፍና ረግረግ እንዲይዘው ይተዋል።

ለምን ያስፈልጋል? ደንገሉ ሥራ ስላለው ነው። ከከተማና ከእርሻ የሚመጣው ጎርፍ ደንገሉ ውስጥ ሲገባ ይረጋል። አፈሩ ይቀራል፣ ከማዳበሪያና ከፍሳሽ የመጣውን ንጥረ ነገር ተክሉ ይመገበዋል። የዓሣ ጫጩቶችም የሚያድጉት ጥልቀት በሌለው በዚህ የዳርቻ ውኃ ውስጥ ነው። በጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ደንገል ሲነቀል እይታው ያምራል፤ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ግን መራቢያውን ያጣል።

ሕጉስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ የሚመለከተው የመንግሥት አካል የውኃ ዳርቻን ወሰን እንዲከልል፣ በተከለለው ውስጥም ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጠዋል። ልብ በሉ፤ አዋጁ ራሱ "ይህን ያህል ሜትር" ብሎ አልቆረጠም። መከለል ያለበት ቦታ በቦታ ነው። ያልተከለለ ቦታ ላይ ደግሞ ሁሉም የመሰለውን መስመር ያሰምራል። የሻይ ቤቱ ክርክር የማያልቀው ለዚህ ነው።

በ2007 ዓ.ም ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል። ባዮስፌር ማለት ሰው ይውጣ ማለት አይደለም። ቦታው በሦስት ይከፈላል። ፈጽሞ የማይነካ እምብርት፣ በዙሪያው ለስላሳ ሥራ ብቻ የሚፈቀድበት፣ ከዚያ ውጭ ሰው በጥንቃቄ የሚኖርበትና የሚያመርትበት። የባሕር ዳር ሕዝብ ኑሮ በዚህ አሠራር ውስጥ ቦታ አለው።

እምቦጭስ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ ስለተባለበት አጠር ላድርገው። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም አካባቢ ነው በይፋ የታወቀው፤ የበረታውም በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ፣ በእነ ደንቢያና ፎገራ በኩል ነው። በየሁለት ሳምንቱ ገደማ እጥፍ መሆን ይችላል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የሚመገበው ውኃው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ነው። ትልቁን ድርሻ ወንዞቹ ከእርሻ መሬት አጥበው ያመጡታል። የከተማ ፍሳሽም ይጨምርበታል። ስለዚህ ነገሩ የደንቢያ ገበሬ ችግር ብቻ አይደለም።

ውኃ ዳር መኖር በየቀኑ ምን ይመስላል?

ደስ የሚለውን እናስቀድም። ቀን ላይ መሬቱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ ቀዝቃዛው ይገባል። በባሕር ዳር ሙቀት ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ነፋስ ይህ ነው። ሌሊት ይገለበጣል፣ ከመሬት ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። ዳር ላይ ያለ ቤት መስኮቱን ወደ ውኃው ካዞረ ይህን በነፃ ያገኛል።

ቀጥሎ ወባ አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወባ የሚደርስበት ነው። የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የወባ ትንኝ የምትራባው ረጋ ባለ ትንሽ ውኃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሰፊው ሐይቅ ይልቅ ውኃው ሲሸሽ የሚተዋቸው ኩሬዎች፣ ያልተደፈኑ ጉድጓዶችና የተዘጉ ቦዮች ናቸው የሚያሳስቡት። ቢልሃርዚያም አለ። ተሸካሚው ዳርቻው ላይ ባሉ ተክሎች መካከል የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። ልጆች የሚንቦራጨቁት ደግሞ በትክክል እዚያ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የማይታየው ነው፤ የከርሰ ምድር ውኃ። ዳርቻው አጠገብ ጥቂት ሲቆፈር ውኃ ይገኛል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ሥሩ ውኃ ከነካ መሙላት ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ቆሻሻው ከመሬት ውስጥ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። "ሴፕቲክ ታንክ አለኝ" ማለት ብቻውን አያድንም። ሴፕቲክ ታንክ ጠጣሩን አስቀርቶ ፈሳሹን ወደ አፈር የሚያሰርግ ነው። አፈሩ አስቀድሞ በውኃ ከጠገበ ፈሳሹ የሚሰርግበት ቦታ የለም። ባሕር ዳር ቤት ለቤት የተዘረጋ የፍሳሽ መስመር የላትም። በሁሉም ሆቴልና በሁሉም መኖሪያ ግቢ ሥር ያለው ጉዳይ ይኸው ነው። ጥቁሩ አፈርም ሌላ ራስ ምታት ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ካልጠለቀ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ይወጣል።

በአባይ መውጫ በኩል ያሉ ሰዎች ደግሞ ጉማሬን ያውቁታል። ቀን ውኃ ውስጥ ነው፣ ሌሊት ሣር ፍለጋ ይወጣል። መንገዱ ላይ አጥር ቢቆምበት መንገዱን አይረሳም።

ሐይቅ ዳር ቤት ልግዛ የሚል ሰው ምን ይጠይቅ?

አንደኛ ነገር፣ መሬት አይሸጥም። የሚዛወረው ቤቱና የመጠቀም መብቱ ነው። ስለዚህ የደላላውን ቃል ትቶ ካርታውን ማየት ያስፈልጋል። ካርታው ላይ ያለው ስፋትና መሬት ላይ ያለው አጥር እኩል ናቸው ወይ? ውኃ ዳር ያለ ግቢ ብዙ ጊዜ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ከካርታው በልጦ ይገኛል። ትርፉ ባሕር ሸሽ ነው፤ ገንዘብ ሊከፈልበት አይገባም።

ቦታው በበፈር ዞን ውስጥ መውደቅ አለመውደቁን ከከተማ አስተዳደሩ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፣ ይገባልም። ደግሞ ሰኔ ላይ አይቶ መወሰን ስሕተት ነው። ሰኔ ላይ ሁሉም ግቢ ሰፊ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ተመልሶ መሄድ ይሻላል። ውኃው እስከ የት ደርሶ እንደሚያውቅ ደግሞ ሄዶ የአካባቢውን የቆዩ ዓሣ አጥማጆች መጠየቅ ነው።

በመጨረሻ፣ አጥሩ ይነሣል ወይ?

በ2004 ዓ.ም በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ለንግድ የሚሰጥ ቦታ እስከ 70 ዓመት ሊያዝ ይችላል። ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት ነው። ስለዚህ ውል ያለው ግቢ በአንድ ጀንበር አይነሣም። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ቦታ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ያኔ ግን ካሣ አለ፣ ሥርዓትም አለው።

በእኔ ግምት ግን አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ሆቴሉ እንዲፈርስ አይደለም። በአጥሩና በውኃው መካከል ሰው የሚሄድበት፣ አዛውንት የሚያርፍበት፣ ወይጦው ታንኳውን የሚያስርበት ጠባብ መተላለፊያ ነው የሚፈልገው። ያ መተላለፊያ ደግሞ በፈር ዞኑ በሚከለልበት መሬት ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ሁለቱ ጥያቄዎች አብረው መመለስ አለባቸው። ደንገሉ በተነቀለበት ቦታ ኮንክሪት ቢፈስ እግረኛው ያገኛል፣ ዓሣው ያጣል። መንገዱ ከደንገሉ በላይ ቢሆን ሁለቱም ያገኛሉ። ለዚህ መጀመሪያ መለካት ያለበት የመስከረም ውኃ የሚደርስበት መስመር ነው። አጥሩም፣ መንገዱም፣ ደንገሉም ቦታቸው የሚወሰነው ከዚያ ተነሥቶ ነው።